ሰውዬው ከድልድዩ ላይ ተነስቷል

እማማ፣

ይህ ደብዳቤ ደህና ሆነው፣ በጥሩ ቀን ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደም ግፊቱን ክኒን በየጠዋቱ ይወስዳሉ ወይስ እንደለመዱት «ዛሬ ምንም አላለኝም» እያሉ ይዘሉታል? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት? አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ ብለው ነበር። መነጽር ቤቱ ይመለሱና ሰፋ ያድርጉልዎት፤ ለዚያ ገንዘብ አይጠይቁም። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ሰሞኑን ያገኘኝ ሁሉ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ስለሚለኝ፣ ወሬው እርስዎ ጋ ደርሶ እንዳያሳስብዎት ነው።

የምጽፈው ስልክ ስለማያነሱ ነው። አልተቀየምኩም። ቢያነሱት ኖሮ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋን ነበር። በጽሑፍ ግን የምፈልገውን አውቃለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በሚመጣው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ድሮው፣ መጥተው ጨዋታችንን እንዲቀጥሉ።

ልጅዎ «ከእንግዲህ እሷ ጋ እግርሽ እንዳይደርስ» እንዳለዎት ሰምቻለሁ። የነገረችኝ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ ናት። አይቆጧት፣ አውጣጥቻት ነው። ለምን እንደተለያየን አልጽፍልዎትም። ልጅዎ ነው፤ የሚነግርዎትን እሱ ይንገርዎት። እኔ የማውቀው እሱን መፍታቴን ነው። ዳኛዋ ውሳኔውን ስታነብ ቃል በቃል አዳምጫለሁ፤ የእርስዎ ስም አልተጠራም። እርስዎን የፈታሁበት ወረቀት የለም።

ሰው ግን ያስቸግራል። ማተሚያ ቤት አብረውኝ የሚሠሩት «አማቴ» ባልኩ ቁጥር «የቀድሞ አማትሽ» እያሉ ያርሙኛል። ይህን ደብዳቤ ምን ብዬ እንደምፈርም ገና አልወሰንኩም። እስክጨርስ እወስናለሁ።

እንዴት እንደጀመርን ያስታውሳሉ? ልጅዎ ሳሎን ኳስ ያያል፤ እኛ ወጥ ቤት ተፋጠን እንቀመጣለን። ጤና ተጠያይቀን፣ ስለ ኑሮ መወደድ አውርተን ስንጨርስ የመጀመሪያው አጋማሽ እንኳ አላለቀም። አንድ እሁድ ጨነቀኝና ዳማ አወጣሁ። አከታትለው አሸነፉኝና «ሌላ የለሽም?» አሉኝ። ቁምሳጥኑ በጨዋታ ሳጥን መሞላት የጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ዳማን እኔ እስከዛሬ አልወደውም። የሚበላ ካለ መብላት ግዴታ ነው። ያልፈለግሁትን እንድበላ የሚያስገድደኝ ጨዋታ ጨዋታ አይመስለኝም። እርስዎ ደግሞ ደስ የሚልዎት እሱ ነበር፤ ጠጠርዎን አፌ ላይ አስቀምጠው «ብይ እንጂ፣ አታፍሪ» እያሉ ወደ ገደሉ ይነዱኛል። ሉዶ ላይም አልተስማማንም። እኔ ሁሉን ነገር ለዕድል የሚተው ጨዋታ አእምሮ ላለው ሰው ስድብ ነው እላለሁ። እርስዎ «ሌላ ቦታ ዕድል ያላገኘ ሰው እዚህ ቢያገኝ ምን ይቆጭሻል?» ይላሉ። ቼዝን ላስተምርዎ ብዬ ሦስት እሁድ ለፋሁ። ንግሥቲቱ ከዳር እዳር ስትሮጥ ንጉሡ ግን አንድ እርምጃ ብቻ እንደሚራመድ ሲገባዎት፣ «ይሄን ሠላሳ ዓመት ቤቴ አይቼዋለሁ፤ ደግሞ በሰሌዳ አላይም» ብለው ሳጥኑን ዘጉት።

የጌም ማሽኑንም አልረሳሁም። ልጅዎ ለራሱ ገዝቶ፣ ሳምንት ነካክቶ የተወው ነው። የመኪና እሽቅድድም ከፈትኩልዎ፤ ቀይ መብራት ሲያዩ ቆሙ። «እማማ፣ ሌሎቹ እኮ እያለፉን ነው» ስልዎ «ይለፉ፤ እኔ በሰው ነፍስ አልጠየቅም» አሉኝ። መጨረሻ ወጡ፤ እግረኛ ግን አልነኩም። አሁን እኔም ያን ጌም ስጫወት ሳላስበው መብራት ላይ እቆማለሁ። በማሽኑ ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን ያው ነው። ሕጉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ተከራክሮ የሚረታው የለም። ከተሸነፉ ተሸንፈዋል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ በቃ። ጠረጴዛ ላይ የምንጫወተው የሚሻለኝ ለዚህ ነው። «ቆይ፣ ይሄ ልክ አይደለም» የምለው ሰው ከፊቴ አለ።

ንባብ ላይ ደግሞ እኔና እርስዎ አንገናኝም። የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ የሚያነብ ሰው አንባቢ አይደለም ብዬ ፊት ለፊት ነግሬዎታለሁ። የመለሱልኝንም አልረሳሁም፦ «በእኔ ዕድሜ ማን ይሞት ይሆን እያሉ መጨነቅ አይመችም። መጨረሻውን ልወቅና እንዴት እዚያ እንደደረሱ ተረጋግቼ ልይ።» ያን የወንጀል ልብ ወለድ አንድ ቅጂ ብቻ አግኝተን ለመጠበቅ ሁለታችንም እምቢ ስንል፣ ጥረዛ ክፍል ወስጄ ጀርባውን ፈትቼ ለሁለት ከፈልኩት። ሁለተኛውን ግማሽ መረጡ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ሟቹን አውቃለሁ፣ ገዳዩን አላውቅም፤ እርስዎ ገዳዩን ያውቃሉ፣ ማንን እንደገደለ አያውቁም። እሁድ ስንገናኝ ልጅዎ ከሳሎን ብቅ ብሎ «ማን ነው የሞተው?» አለ፣ ደንግጦ። እንደዚያ ስቀን አናውቅም። መጽሐፉን መልሼ ጠርዤዋለሁ። መሃሉ ላይ የኮላው መስመር ቢታይም ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ያን የጨዋታ ሳጥን የገዛሁት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ሱቅ ነበር። ጥጉ የተቀደደ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። ውስጡ ሰሌዳው አለ፤ መንገዶች፣ ጫካ፣ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ አንድ ድልድይ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ከተማ። ቀይና ሰማያዊ የእንጨት ቤቶች፣ ሁለት ጋሪዎች፣ አንድ ዳይስ። የአጨዋወቱ ወረቀት ግን የለም። እመልሰዋለሁ ስል «ለምን? ቤት እንጂ ሕግ ማን ይቸግረዋል» አሉኝ። ሕጉን ራሳችን አወጣነው። ጋሪዋን ቀድማ ከተማ ያስገባች ታሸንፋለች። ቤት በየመንገዱ ይተከላል፤ አንዷ በሌላዋ ቤት በር ስታልፍ አንድ ዙር ትቆማለች። አንዷ ሳታይ ዳይስ አይጣልም። ሰዓቱ ከደረሰ ሰሌዳው ሳይነካ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ይደፋበታል፤ ተራዋ የሆነው ሰው ዳይሱን በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች። አዲስ ሕግ የሚወጣው ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ስንሆን ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ በስልክ ሕግ ላወጣ ስሞክር ይዘውኝ።

የቀረችው ያቺ ጥቁር እንጨት ነበረች። ሰው ትመስላለች፣ ባርኔጣ ያደረገ። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ይሠራል?» አሉና ስሙ ሰውዬው ሆኖ ቀረ። ሰውዬው የቆመበት መንገድ ላይ ጋሪ አያልፍም። እሱን ከቆመበት አንስቶ ሌላ ቦታ ለማቆም ዳይስ አያስፈልግም። በተራዋ ከራሷ ቤቶች አንዱን ከሰሌዳው ታነሳለች፤ ይኸው ነው ዋጋው። የተከፈለችው ቤት ተመልሳ አትገባም። ሳጥን ውስጥ ልከታት ስል እጄን ይዘው ጠርዙ ላይ በጎኗ አጋደሟት፤ «የከፈልነው እየታየን እንጫወት» ብለው።

የማተሚያ ቤቱ ወረቀት ቆራጫችን ይህንኑ ጨዋታ እህቱ ቤት እንደሚያውቀው ነግሮኝ እውነተኛውን ሕግ ሲዘረዝርልኝ፣ ጥቁሩ እንጨት ለካ ማን እንደሚጀምር መጠቆሚያ ብቻ ኖሯል። ጨዋታውም ከአንድ ሰዓት አያልፍም። አፍሬ መጥቼ ስነግርዎ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «እነሱ ጋ መጠቆሚያ ይሁን፤ እኛ ጋ ሰውዬው ሰውዬው ነው» አሉ። ስለዚህ፣ እማማ፣ ይህን ጨዋታ የሚችለው ሰው በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው። እርስዎ ከቀሩ እኔ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ እንጨት አያለሁ።

የመጨረሻውን እሁዳችንን ላስታውስዎ። ጋሪዬ ድልድዩ ሥር ደርሷል። የእርስዎ ገና ከጫካው አልወጣም። ያን ቀን ነው «እማማ፣ እዚህ ቤት መቆየት የምችል አይመስለኝም» ያልኩዎት። ቀይ ቤት አነሱ፣ ጠርዙ ላይ አጋደሙ፣ ሰውዬውን ድልድዩ ላይ አቆሙት። ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ «ትንሽ ታገሺ። የማንም ቤት እንዲሁ ነው» አሉኝ። ስለ ጨዋታው ይሁን ስለሌላው አልጠየቅኩም። እኔ ከፍዬ እንዳላነሳው አንድም ቤት አልነበረኝም፤ ያለኝ ጋሪ ብቻ ነበር። ዳይሱን ጣልኩ፣ አራት ወጣልኝ፣ የምሄድበት ስለሌለ ባለሁበት ቀረሁ። ተራው የእርስዎ ሆነ። ዳይሱን በመሐረብ ቋጥረው ቦርሳዎ ውስጥ ከተቱት፣ ሳፋውን ደፋን፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል።

ቅዳሜ ዕለት ቤት ለቀቅኩ። ልጅዎ የእሱን ዕቃ አስቀድሞ፣ እኔ ሥራ በነበርኩበት ቀን አውጥቶታል። ተሸካሚዎች መጡ። አለቃቸው ወፍራም፣ ሲናገር የሚያለከልክ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳፋ ተደፍቶ ሲያይ «እህቴ፣ ከሥሩ ምንድን ነው? ዶሮ ነው?» አለኝ። ጨዋታ ነው አልኩት። ሰሌዳው ሳይነቃነቅ፣ ከነጠረጴዛው፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ እፈልጋለሁ አልኩት። ጓደኛውን አየው። «ፍሪጅ ተሸክመናል፣ ፒያኖ ተሸክመናል፤ ጨዋታ የተሸከምን ጊዜ አላስታውስም» አለ።

ከመነሳታችን በፊት ልፈትሽ ብዬ ሳፋውን ገለጥኩት። ሰውዬው ድልድዩ ላይ የለም።

ደሜ ፈላ። ልጅዎ ዕቃ ሲያወጣ ነካክቶት ነው ብዬ ጨርሻለሁ። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። ከፍርድ ቤት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጋገራችን ነው። «ሰውዬውን የት አደረግኸው?» አልኩት። «የቱን ሰውዬ?» አለ። «ጥቁሩን! ባለባርኔጣውን!» አልኩ። ድምፁ ተለውጦ «ቤት ውስጥ ሰው ነበር እንዴ?» አለኝ። ተሸካሚዎቹ ገመድ የሚጠቀልሉ መስለው ጆሯቸውን ጥለዋል። ደስ አለኝ አልልዎትም፤ አልከፋኝም ግን። ስለ ሰሌዳው መሆኑ ሲገባው «እኔ የእንጨት ነገር አልነካሁም፤ አሁንም አልተውሽውም?» ብሎ ዘጋ።

አልዋሸም። ይህን ያወቅኩት አለቃው ጎንበስ ብሎ «ይቺ የተጋደመችውስ? እግር መትቷት ነው?» ሲለኝ ነው። አየሁ። ጠርዙ ላይ፣ ከቀድሞዋ ቀይ ቤት አጠገብ፣ ሌላ ቀይ ቤት በጎኗ ተጋድማለች። ሰውዬው ከሰሌዳው ጥግ፣ መንገድ በሌለበት ቦታ ቆሟል። ዳይሱ ሰማያዊው ጋሪዬ አጠገብ ነው።

እማማ፣ ሰው በክርኑ ገጭቶ ቢሆን ሰውዬው ይወድቅ ነበር። ልጅዎ በክፋት ቢሆን ሰውዬውን ያነሳው ነበር እንጂ ዋጋ አይከፍልም፤ ዋጋ እንዳለውም አያውቅም። ዳይሱ ደግሞ በእርስዎ ቦርሳ ነበር። ሳፋው እንኳ የተሰነጠቀው ጠርዙ እንደ ሁልጊዜው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው የተደፋው። የቤቱ ቁልፍ እርስዎ ጋ እንደቀረ አውቃለሁ። መቼ እንደመጡ፣ በዚያ ጉልበት ደረጃውን እንዴት እንደወጡት፣ ባዶ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደተቀመጡ አልጠይቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ እንደ ተጫዋች። እርምጃዎ መጥፎ እርምጃ ነው። ድልድዩ ሲከፈት የምጠቀመው እኔ ብቻ ነኝ። የእርስዎ ጋሪ ጫካ ውስጥ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የቀረዎትም አንድ ቤት ነው። እርስዎ ደግሞ መጥፎ ተጫዋች አይደሉም።

ወንበሩ አስቀድሞ ስለተጫነ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አለቃው ትንሽ ታገሰኝና «እህቴ፣ እንቀጥል ወይስ ነገ እንምጣ?» አለ። እንቀጥል አልኩት። ሳፋውን መልሼ ደፋሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩ። አራት ሆነው እንደ ታማሚ አወረዱት። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ «ጨዋታው! ጨዋታው!» ይጮሃል አለቃው። የጎረቤት ሴቶች በር ከፍተው አዩን። ይዩን። መኪናው ላይ ከጠረጴዛው ጎን እኔ ቆሜ በእጄ ደግፌ ነው የሄድኩት። አዲሱ ቤት ደርሰን ስገልጠው አንዲት እንጨት አልተነቃነቀችም። አለቃው ግንባሩን ጠርጎ «ማን እየመራ ነው?» አለኝ። «አሁን እኔ» አልኩት።

ለልጅዎ ማን እንደነካው አልነገርኩትም። ቢነገረውም አይገባውም።

አዲሱ ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ። በቀን የሞረዱ ድምፅ ይሰማል፤ እሁድ ግን ዝግ ነው። አውቶቡሱ ከሱቁ ፊት ለፊት ይቆማል፤ መንገድ አያቋርጡም። ደረጃው ጠባብ ቢሆንም የብረት መደገፊያ አለው፤ ሲወጡ በደህናው ጉልበትዎ በኩል ነው፣ ራሴ ወጥቼ ወርጄ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው። ወንበር ሁለት ገዝቻለሁ፤ የእርስዎ መደገፊያ ያለው ነው። የጌም ማሽኑ የልጅዎ ስለሆነ ወስዶታል፤ የቀይ መብራትዎን እሽቅድድም ግን ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ። የወንጀሉ መጽሐፍ እዚህ ነው። ሌላ አዲስ መጽሐፍም አለ፣ እስካሁን ለሁለት አልከፈልኩትም። የትኛውን ግማሽ እንደሚወስዱ ባውቅም ልጠይቅዎ ብዬ ነው።

ዳይሱ አሁን በእኔ ቦርሳ ነው። ካላዩ አልጥለውም። ሲጣል ደግሞ ለማሸነፍ ነው የምጥለው፤ ለእርስዎም ቢሆን ወደ ኋላ አልመለስም፣ ድልድዩን እሻገራለሁ። አስቀድሜ ልንገርዎ።

ግን አዲስ ሕግ ላቀርብ አስቤአለሁ። ለሰውዬው የተከፈለች ቤት ከወንዙ ማዶ እንደገና ትተከል፣ የሚል። ሁለቱም ቀይ ቤቶችዎ ጠርዙ ላይ እንደተጋደሙ ናቸው፤ አላነሳኋቸውም። ሕጉን ለብቻዬ ማውጣት አልችልም። ለመቃወምም ቢሆን መምጣት ግድ ይልዎታል።

ደብዳቤውን ልብስ ሰፊዋ ታደርስልዎታለች። መልስ አይጻፉልኝ፤ በሩን ያንኳኩ እንጂ። በዚህ እሁድ ካልተመቸዎት በሚቀጥለው። በሚቀጥለው ካልሆነም ሳፋው ተደፍቶ ይጠብቅዎታል። ጠረጴዛውን ለሌላ ነገር አልፈልገውም፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መብላት ለምጃለሁ።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ዓይንዎን ያብራልዎ። ቤትዎ ከሚያስቡልዎ ሰዎች ባዶ አይሁን። ክኒኑን ይዋጡ።

ምን ብዬ እንደምፈርምም ወስኛለሁ።

ምራትዎ